በነርሲንግ ሆም የሚዞሩት እንባ ጠባቂዎች

ስዊድኖች «ኦምቡድስማን» ሲሉ ወኪል ማለታቸው ነው። እኛ «እንባ ጠባቂ» አልነው፤ ለሥራው የቀረበው የእኛ ስም ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) እና በመሰል ቤቶች ለሚኖሩ፣ በተለይ ለአረጋውያን፣ የቆመ እንባ ጠባቂ አለ። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለአረጋውያንና ለድሆች የቆሙት የጤና መድኖች፣ ሜዲኬርና ሜዲኬድ፣ ከታወጁ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ ሲፈስ ቤቶቹ በዙ፤ ቸልተኝነቱና በደሉም አብሮ በዛ። በ1972 በጥቂት ግዛቶች የተሞከረው አገልግሎት በ1978 በሕግ የሁሉም ግዛት ግዴታ ሆነ።

በየቤቱ ከሚዞሩት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሠልጥነው ማረጋገጫ ሲያገኙ ይመደባሉ። ቤት አያሽጉም፣ ቅጣት አይጥሉም፤ ያ የተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። እነሱ ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ይቀመጡና ይጠይቃሉ። ደወሉን ሲጫኑ ሰው ቶሎ ይመጣል? ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ይደርስዎታል? «ቤቱን ይልቀቁ» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸውም አሉ። ሕጉ በአብዛኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያዛል፤ ይግባኝም ይፈቅዳል። ይህን ያልሰማ አዛውንት ግን ዝም ብሎ ልብሱን ይሰበስባል።

እኔን የሚነካኝ አንድ ደንብ ነው። አንዲት እናት በደላቸውን ነግረው «አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ነገ ገላዬን የሚያጥቡኝ እነሱ ናቸው» ቢሏት በጎ ፈቃደኛዋ ስማቸውን እንዳታወጣ ሕግ ያስራታል። ልጆቻቸው እንኳ ቢጠይቋት አትናገርም። ከባድ ነው፤ አንዳንዴም የሚያቃጥል። ግን በዚያ ቤት የሚበሉበትን ሰዓት እንኳ ሌላ ሰው ለሚወስንላቸው እናት ይህ አንድ ውሳኔ የራሳቸው ነው። ስለዚህ ትመላለሳለች፤ መብታቸውን ታስረዳለች፤ «እሺ፣ ተናገሪልኝ» እስኪሏት ትጠብቃለች። በ2020 ኮሮና በሩን ሲዘጋ ይህ መመላለስ ለወራት ተቋረጠ፤ ቤተሰብም እንባ ጠባቂም ደጅ ቀሩ።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አሁን አሁን ደግሞ የራሳችን ወላጆች እዚያው አገር እያረጁ ነው። በእንግሊዝኛ «አሞኛል» ማለት የሚቸግራቸው እናት «በድለውኛል»ን እንዴት ይሉታል? አማርኛ የሚሰማ በጎ ፈቃደኛ ለእሳቸው ከመድኃኒት አይተናነስም፤ ለዚህ ሥልጠና ብትመዘገቡ ደስታዬ ነው።

አገልግሎቱ ነፃ ነው። የእንባ ጠባቂው ስልክ በየቤቱ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍም ሕጉ ያስገድዳል። እናትዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ ቁጥሩን ይፈልጉት፤ በትልልቁ ጽፈው፣ የማን እንደሆነ በአማርኛ አክለው፣ ከራስጌያቸው ያስቀምጡላቸው።