ከፊላው ወዲህ፣ ከፊላው ወዲያ

በማለዳ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የደረሰ ሰው ከዓሣ ሻጮቹ በፊት አባ ኮዳን ያገኛል። መላጣው ትልቅ ወፍ ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ፣ በቀጫጭን እግሮቹ ተገትሮ ጀልባዎቹን ይጠብቃል። ጀልባዎቹ ሲደርሱ መረቡ ይራገፋል፤ ወጣቶች ቢላዋ ይዘው ቆሮሶውን ይገፍፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፣ ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን ለወፎቹ ይወረውራሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚወድ እዚያው ቆሞ ይበላል፤ ሾርባ የሚፈልግ ደግሞ ትንሽ ይታገሣል። ሐዋሳን የማያውቅ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ቀጥዬ የምወስደው ግን ማንም ፎቶ ወደማይነሣበት ቦታ ነው። ከገበያው ራቅ ብሎ፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍበት፣ ፊላ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመበት፣ እግር ጭቃ ውስጥ ስምጥ የሚልበት ጠርዝ አለ። ገበያ ላይ የሚገፈፈው ቆሮሶ ጫጩት ሳለ ያደገው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከፊላው ወዲህ ከተማ፣ ከፊላው ወዲያ ሐይቅ ነው፤ ፊላው ራሱ ምን እንደሆነ ግን ብዙ አይወራም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ እስከ አርባ ምንጭ ሐይቅ ባለበት ከተማ ሁሉ ግንባታ ወደ ውሃው እየተጠጋ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ፊላውን ማስተዋወቅ ተገቢ መሰለኝ።

ከሐይቁ እንጀምር። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ትንሽ ከሚባሉት ነው። ጥልቁ ቦታም ቢሆን ከ20 ሜትር ብዙ አይርቅም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሃ። የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም። ውሃው የሚቀንሰው ፀሐይ ስታተንነውና በመሬት ውስጥ ሲሰርግ ነው። ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ከተማ ቆሻሻውን ወንዙ ይዞለት ይሄዳል፤ ጉዳቱ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ሐዋሳ ወደ ሐይቋ የለቀቀችው ግን እዚያው ፊቷ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የሐዋሳ ዳርቻ እንደ ሌላ ከተማ ዳርቻ ሊታቀድ የማይችለው።

አሁን ወደ ቆሮሶው። ወንዱ ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ መርጦ፣ በአፉ አሸዋ እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ያበጃል፤ ሴቷን የሚጋብዛት ወደዚያ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። የሚፈለፈለውም እዚያው አፏ ውስጥ ነው፤ እስኪፈለፈል ድረስ እህል ውሃ አትልም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አንዳች ነገር ሲያስደነግጣቸው ተግተልትለው ወደ እናታቸው አፍ ይመለሳሉ። እናቲቱ ከተለየቻቸው በኋላ ግን መሸሸጊያቸው የፊላው ሥር ነው። አምባዛው እዚያ ውስጥ እንደ ልቡ አያባርራቸውም፤ ዓሣ አዳኙ ወፍም ከላይ አያያቸውም። ውሃ ውስጥ በቆመው አገዳ ላይ አረንጓዴ አልጌ ይለጠፋል፣ ደቃቅ ነፍሳት ይራባሉ፤ ጫጩቱ ቤቱንም ምግቡንም በአንድ ቦታ አገኘ ማለት ነው። የሐዋሳ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም የሚበረታበት ሁለት ወቅት አለው፤ አንዱ ከጥር ጀምሮ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ሌላው በክረምቱ ዝናብ። ስለዚህ ዳርቻው ላይ የሚደፋ አንድ መኪና አፈር በየትኛው ወር ተደፋ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ወፎቹም እዚሁ ናቸው። በውሃ አበባ ቅጠል ላይ እየረገጠ የሚሄድ ቀይ ቡኒ ወፍ አለ፤ የእግሩ ጣቶች ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ የማይታመን ርዝመት አላቸው። ክብደቱን በእነዚያ ጣቶች ስለሚያከፋፍል ቅጠሉ ጎንበስ ይላል እንጂ አይሰጥምም። ጎጆውንም የሚሠራው በተንሳፋፊው ዕፅ ላይ ነው። ቅጠሉ ከተነሣ ለዚህ ወፍ የሚተርፈው መሬት የለም። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው የዓሣ ንስር ደግሞ ዳር ላይ ረጅም ዛፍ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ተቋም በርድላይፍ የሐዋሳን ሐይቅ ለወፎች ጠቃሚ ከሆኑት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ጉማሬውስ? ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል። ማታ ግን ለግጦሽ ይወጣል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር የሚበላ እንስሳ ነው። የሚወጣውም በለመደው መንገድ ነው። ያ መንገድ በግንብ ሲዘጋበት መብላቱን አይተውም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው መውጫ ደግሞ የገበሬ በቆሎ ወይም የሰው ደጅ ይሆናል። ጉማሬ አስቸገረን የሚለው አቤቱታ ሲመጣ፣ አጥሩ መቼና የት እንደታጠረ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ፊላው ሌላም ሥራ አለው፤ ያጣራል። ይህን ለማየት ጥቁር ውሃን ተከትሎ ወደ ላይ መሄድ ይበቃል። ከሻሸመኔ የሚመጣ መንገደኛ ሐዋሳ መግቢያ ላይ የሚሻገረው ወንዝ ነው፤ የሚመጣውም ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ከደጋው በጎርፍ የሚወርደው አፈር እየሞላው ጥልቀቱ ጠፋ፣ ረግረግ ሆነ፣ ከፊሉም ግጦሽና እርሻ ሆነ። ጎርፍ ረግረግ ውስጥ ሲገባ ሣሩና ሥሩ ፍጥነቱን ይሰብሩታል፤ ውሃው ሲረጋ ደለሉ ይቀመጣል፤ ከእርሻና ከከተማ የመጣውን ማዳበሪያና እጣቢም ዕፅዋቱ ይመገቡታል። ጨለለቃ አቅሙ በደከመ ቁጥር ሥራው የሚወድቀው በሐይቁ ዳር ባለው ፊላ ላይ ነው። ፊላውን ደግሞ እያጨድነው ነው።

አንድ መልካም ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዴ ይጎድላል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነደፍ፣ ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙበት ውሃ ታክሞ መልሶ ሥራ ላይ እንዲውልና ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ማጣሪያ አብሮ ታቅዶለታል። ማጣሪያ ዕለት ተዕለት ክትትል የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ተተክሏል ተብሎ አይተውም። ቁም ነገሩ ግን ሐይቁ መውጫ የለውም የሚለው እውነት ንድፉ ውስጥ የገባው መሠረት ከመጣሉ በፊት መሆኑ ነው። ለሆቴል፣ ለመዝናኛና ለመንገድም እንደዚያው ማሰብ ይቻላል።

ሕጉም አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ጥናቱ ቀርቦ ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ይህ ማለት መረብ የሚጥለው ሰው የትኛው ጠርዝ ላይ ቆሮሶ እንደሚራባ፣ ጉማሬው በየት በኩል እንደሚወጣ ሊጠየቅ ይገባል ማለት ነው። ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም።

ጥናት ግን እንደ አጠናኑ ነው። በነሐሴ ሁለት ሳምንት ዳርቻውን ዞሮ ወፍ የቆጠረ ባለሙያ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ከመስከረም በኋላ የሚመጡትን እንግዶች አብዛኞቹን አያይም። ሌሊት ያልወጣ አጥኚ ጉማሬ አይመዘግብም። ደግሞም እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለብቻው ሲመዘን ትንሽ ነው፤ አንዱ ሃምሳ ሜትር ፊላ ያነሣል፣ ጎረቤቱም ሃምሳ። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ያልፋሉ፤ ተደምረው ሲታዩ ግን የቀረ ዳርቻ የለም። በዚያ ላይ ሐይቁ በሲዳማና በኦሮሚያ መካከል ነው፤ ዓሣው የክልል ወሰን አያውቅም። ስለዚህ መመዘን ያለበት ዳርቻው እንዳለ፣ ዙሪያውን ነው።

በዚህ የግምገማ ዘርፍ ያሉ ባለሙያዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ጉዳት ከሚደርስበት ቦታ መሸሽ፣ ካልተቻለ ጉዳቱን መቀነስ፣ ከዚያ የተጎዳውን መጠገን፣ በመጨረሻ ያልተጠገነውን በሌላ ቦታ መተካት። እኔን የሚያሳስበኝ ከመጨረሻው የመጀመር ልማዳችን ነው። ፊላው ተነሥቶ፣ አፈር ተደፍቶ፣ ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ ችግኝ ይተከላል። ችግኝ መትከል ደግ ነው፤ ለቆሮሶ ጫጩት ግን ፅድም ሆነ ግራር ፊላ አይሆንለትም። መሸሽ ማለት ደግሞ ሰው ሐይቁን አይቅረብ ማለት አይደለም። እኔም ሲመሽ ሐይቁ ዳር ባለው ግድብ ላይ መናፈስ እወዳለሁ። ውሃ ላይ የሚያሻግር መተላለፊያ አፈር ሞልቶ ከመሥራት ይልቅ በእንጨት ወይም በብረት ቋሚ ላይ ቢሠራ፣ ውሃውም ጫጩቱም ከሥሩ ያልፋል። ወደ ውሃው የሚበራ መብራት ወደ መንገዱ ቢዞር ወጪ አያስወጣም።

መሸሽ ለሰውም ይበጃል። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ውስጥ ያለው የናይቫሻ ሐይቅም መውጫ ወንዝ የለውም፤ እንደኛው ይሞላል፣ ይጎድላል። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ሰዎች ደረቅ መሬት ነው ብለው ቤት ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሐይቁ ሞልቶ መጣና ቤቶቹን ዋጣቸው። የሐዋሳ ሐይቅም ሞልቶ ከተማዋን ያስጨነቀበትን ዘመን ትልልቆቹ ያስታውሳሉ፤ ግድቡ የተሠራውም ለዚያ ነው።

በሐይቁና በግንባታው መካከል የሚተወው መከለያ፣ ባለሙያዎቹ ባፈር ዞን የሚሉት፣ ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከቁጥሩ በፊት ግን ከየት ይለካ የሚለው መመለስ አለበት። በበጋ ሐይቁ ሸሽቶ ሳለ የለካ ሰው የሐይቁን አልጋ እንደ መሬት ቆጥሮ ይሰጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት አካባቢ፣ ዳርቻውን የተመለከተ ግን ውሃው የደረሰበትን ጫፍ በዓይኑ ያገኘዋል። የደረቀ የፊላ ስባሪ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የወፍ ላባና የፕላስቲክ ጠርሙስ በአንድ ላይ ተጠራቅመው ሐይቁን የሚከተል ረጅም መስመር ሠርተዋል። ሜትሩ መዘርጋት ያለበት ከዚያ መስመር ነው፤ ያውም ውሃው ከፍ ብሎ በሞላበት ዓመት ከተወው።