የልጅነት ክብደትና የጕልማሳ ልብ

በይፋት ቆላ ደልደል ያለ ሕፃን የታየ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመችቶታል» ይላል። ረኃብን ያየ አገር ውፍረትን ከጤና ቢቈጥር አያስደንቅም። በ1977 ዓ. ም. የደረሰው ታላቅ ረኃብ ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ሸዋንም ጐድቶ እንደ ነበር በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ያሉ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በዚያ ወራት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው። ዝናቡ ተመልሷል፤ ማሽላውና ማሾውም በቅሏል። አካል ግን የተራበበትን ጊዜ በቀላሉ አይረሳም።

ያገራችን ተመራማሪዎች በሰሜን ወሎ የዚያን ረኃብ ትውልድ መርምረው በአውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ በማሕፀን ሳሉ ረኃብ ያገኛቸው ሰዎች የሆድ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ስብ መዛባት ተደራርቦ የሚታይባቸው ከሌሎቹ ይልቅ መሆኑን ገልጸዋል። ቀደም ሲልም በ1989 እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቹ፣ በሃርትፎርድሻየር አዋላጆች ከ1911 ጀምሮ የጻፉትን መዝገብ ተመልክተው፣ ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው እጅግ ያነሰ ወንዶች በልብ ሕመም አብዝተው እንደ ሞቱ አሳይተዋል።

የነገሩ አንዱ ምክንያት ከኵላሊት ይጀምራል። ደምን የሚያጣሩት ጥቃቅን ክፍሎች ተሠርተው የሚያልቁት ሕፃኑ ሊወለድ ሲቃረብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ አይጨመርም። እናቲቱ በተራበች ጊዜ ቍጥራቸው ያንሳል። ጥቂቶቹ የብዙዎቹን ሥራ ሲሠሩ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ልብም ከዚህ ግፊት ጋር ሲታገል ግድግዳው እየወፈረ ይደክማል። እንዲህ ያለው ልጅ አድጎ ከተማ ሲገባ፣ የእግር መንገዱን ትቶ ለስላሳ መጠጥና በዘይት የተጠበሰ ምግብ ቢያዘወትር፣ ፈጥኖ ይወፍራል፤ ጭነቱም በዚያው በደከመ ኵላሊት ላይ ይወድቃል። ይህን ስንል ቀጭን ልጅ ይራብ ማለታችን አይደለም! ወተቱም ሽሮውም እንቍላሉም ይገባዋል።

ሳይራብ የተወለደ ልጅም ቢሆን ከአደጋው ነፃ አይደለም። በ2022 በወጣ አንድ ጥናት ከፊንላንድ፣ ከአውስትራልያና ከአሜሪካ 38,589 ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በአማካይ 35 ዓመት ተከታትለው ታይተዋል። በልጅነታቸው ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸውና የደም ስባቸው ከፍ ያለ፣ ትምባሆም የለመዱ፣ በጕልማሳነታቸው በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ደም ብዛት የሽማግሌና የባለጸጋ በሽታ ነው የሚባለው እንግዲህ ስሕተት ነው። ሕመም ስለሌለው ልጁ አይናገርም፤ የሚታወቅ በልኬት ብቻ ነው። እናንት መምህራን ከጤና ጣቢያ ጋር ተስማምታችሁ ተማሪዎችን ስታስለኩ፣ ልጁ አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ፤ ከሜዳ ሮጦ የመጣ ልጅ ልኬት አይታመንም። ለአዋቂ የተሠራው የክንድ መጠቅለያ በትንሽ ክንድ ላይ ሲሰፋ ግፊቱን አሳንሶ፣ ሲጠብ ደግሞ አብልጦ ያሳያልና በልኩ የተሠራውን ጠይቁ። ከ13 ዓመት ጀምሮ 130 በ80ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በታች ላሉት ግን እንደ ዕድሜያቸው፣ እንደ ጾታቸውና እንደ ቁመታቸው ስለሚለያይ ሐኪሙ ከሰንጠረዥ ያመሳክራል። በአንድ ቀን ልኬትም አይፈረድም፤ በሌሎች ቀናት ይደገማል።

እናቲቱ የልጇን የክትባት ካርድ አስቀምጣ እንደ ሆነ ይዛ ትምጣ። በላዩ የተጻፈው የልደት ክብደት ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ፣ ልጁ ዛሬ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ስሙ በቅድሚያ ከሚለኩት ጋር ይጻፍ።