አንዱ ሲያስል ቤቱ ሁሉ ለምን ያስላል?

ሰኞ ዕለት ትንሹ ልጅ አፍንጫው እየፈሰሰ ከመዋዕለ ሕፃናት ይመለሳል። ረቡዕ ማታ እናቱን ጉሮሮዋን ይከረክራታል። ቅዳሜ ደግሞ አያት «ራሴን፣ ወገቤን» እያሉ አልጋ ይይዛሉ። የቤቱ ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ብርድ መቷቸው ነው።» ብርድ ግን ተራ ጠብቆ አይመታም። ሦስቱም ያደሩት በአንድ ብርድ ነው፤ የታመሙት ግን ሁለት ሦስት ቀን እየተቀባበሉ። ይህ ቅብብል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር እንዳለ ያሳብቃል።

ኢንፍሉዌንዛን እንውሰድ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪጀምር ከ1 እስከ 4 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቀን ገደማ ይወስዳል። ችግሩ፣ ሰውየው ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከዚያም ከ5 እስከ 7 ቀን ይቀጥላል፤ ሕፃናት ላይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ኮቪድም ምልክት ከመምጣቱ በፊት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ስለዚህ እሑድ ሌሊት ልጇን አቅፋ ያደረች እናት ሰኞ ንፍጡን ስታይ ቫይረሱን አስቀድማ ተቀብላው ሊሆን ይችላል። አያትን ለማዳን ግን ገና ጊዜ አለ።

ከአፍ ወጥቶ የት ይደርሳል?

ስንተነፍስ፣ ስናወራና ስናስል ከአፍና ከአፍንጫ የተለያየ መጠን ያላቸው ጠብታዎች ይወጣሉ። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የተለቀቀች 100 ማይክሮን የምታህል ጠብታ በ5 ሰከንድ ገደማ መሬት ትደርሳለች። የ5 ማይክሮኗ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ የ1 ማይክሮኗ ነፋስ በሌለበት ክፍል ከ10 ሰዓት በላይ ልትንሳፈፍ ትችላለች። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ ትንንሾቹን ዓይን አያያቸውም።

ቡና ሲፈላ የሚጨስን እጣን አስቡ። አጠገቡ የተቀመጠው ጭሱ ዓይኑን ያቃጥለዋል፤ ጥግ ያለው ሽታው ብቻ ይደርሰዋል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ከተቆየ ግን የጥጉም ሰው በጭሱ ይታፈናል። ትንፋሽም የሚሄደው እንዲሁ ነው። ቅርብ ያለው ብዙ ይስባል፤ ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ ርቀት ብቻውን አያድንም። ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ሳብን፣ ለስንት ሰዓት ሳብን የሚለው ነው።

ቤት ከታክሲና ከገበያ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው። ታክሲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን፤ ቤት ውስጥ ግን አንድ ክፍል፣ አንዳንዴም አንድ አልጋ ተጋርተን ሌሊቱን እንተነፍሳለን።

ዕጣ ፈንታ ነው እንዴ?

«አንዴ ቤት ከገባ ማንንም አይምርም» ይባላል። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። በኮቪድ የመጀመሪያ ወራት ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንድ ታማሚ ካለበት ቤት ውስጥ ከቀሩት ሰዎች የተያዙት ከ6ቱ 1 ገደማ ነበሩ። በባልና ሚስት መካከል የተላለፈው ከሌላው የቤተሰብ አባል እጥፍ ያህል ነው፤ የአንድ መኝታ ነገር እዚህም ይታያል። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ሲመጣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከ10 ሰው 4 ገደማ ደረሰ። እውነትም የማይምረው ኩፍኝ ነው፤ ካልተከተቡ የቅርብ ሰዎች ከ10ሩ እስከ 9ኙን ይይዛል። ስለዚህ የሕፃን የ9 ወርና የ15 ወር ክትባት ቀን አይታለፍ።

በሽታውን ወደ ቤት ማን ያስገባዋል? በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ተመራማሪዎች የተወሰኑ ቤተሰቦችን ሕመም እየመዘገቡ ተከታትለዋል። ጉንፋንን ወደ ቤት በማስገባት ዋነኞቹ ትንንሽ ልጆች ሆነው ተገኙ። ልጅ ብዙ ልጅ ያለበት ይውላል፣ አፍንጫውን በእጁ ይጠርጋል፣ ከዚያም ሁሉም ያቅፈዋል።

መሶቡስ? ጉርሻውስ?

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እጅ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንደ ብረትና ፕላስቲክ ባለ ጠንካራ ነገር ላይ ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የበር እጀታ፣ ስልክና ሪሞት ይጠረጉ። የታመመ ሰው እያስነጠሰ ጉርሻ ቢሰጥ እጁም ትንፋሹም አብረው ይመጣሉ፤ ለጥቂት ቀን በራሱ ሳህን ቢበላ ማንንም አያስከፋም። መሶብ ዙሪያ ዋናው አደጋ ግን ፊት ለፊት ተጠጋግቶ እየሳቁ ማውራቱ ነው።

እጅ ማስታጠቡ ደግ ልማድ ነው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ነው። የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረሶች የስብ ልባስ አላቸው፤ ሳሙና ልባሱን ሲያሟሟው ቫይረሱ ይፈራርሳል። ተራውን ጉንፋን ከሚያመጡት ብዙዎቹ ይህ ልባስ የላቸውም፤ እነሱን የሚያስወግዳቸው ለ20 ሰከንድ ያህል ደህና አድርጎ መፈተጉና መለቅለቁ ነው።

ብርዱን በጋቢ፣ ቫይረሱን በመስኮት

የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ከተተካ፣ ታማሚው ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላም አየሩ ላይ ከነበረው ከሲሶ በላይ ይቀራል። በሰዓት 6 ጊዜ ከተተካ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀርም። ይህን ለማድረግ ማሽን አያስፈልግም። በፔሩ፣ ሊማ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በርና መስኮት ሲከፈት አየሩ በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ እንደተተካ ለክቷል፤ ለንጽጽር የተወሰደው የማሽን አየር ማመላለሻ 12 ጊዜ ነው። ጥናቱ የተሠራው ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አየሩ ግን ያው አየር ነው።

እኛ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ሲታመም መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ስር በጨርቅ ይወተፋል። ላዩ ላይ ከሰል ከገባ ደግሞ አደጋው ከጉንፋን ያልፋል፤ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ቤት ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል።

አንድ ክፍል ቤት ላይ እንኳ የሚሠራ ነገር አለ፦

ከመኝታ በፊትና ጠዋት በርና መስኮት ፊት ለፊት ከፍቶ ማናፈስ፤ ሌሊት ደግሞ ጋቢ ጨምሮ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መተው።

ታማሚውን መስኮት አጠገብ ማስተኛት፤ ሌላ ቦታ ከሌለ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ መተኛት።

አስታማሚውን አንድ ሰው ማድረግ፤ አያት ወይም ነፍሰ ጡር ባይሆኑ ይመረጣል። ሲቀራረቡ ታማሚውም አስታማሚውም ማስክ ያድርጉ፤ ማስክ ለሕፃን ግን አይደረግም።

ፀሐይ ሲወጣ ጨዋታውንም ቡናውንም በረንዳ ወይም ደጅ ማድረግ።

አብዛኛው ጉንፋን በራሱ ይለቃል። ሳል የያዘው ሕፃን ካለ ግን፣ ሳያለቅስ ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60፣ ከ2 ወር እስከ ዓመቱ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።