ሁለት አጫጆች አብረው ስለሚያጭዱት ማሳ

በመንደር ትምህርት ቤት ከሚቀርቡት የሒሳብ ጥያቄዎች ይልቁንም ሕፃናትን የሚያስቸግራቸው እንዲህ ያለው ነው። አንድ አጫጅ የአንድ ማሳ ጤፍ ብቻውን በ10 ቀን ያጭዳል፤ ባልንጀራው ያንኑ ማሳ ብቻውን በ15 ቀን ያጭዳል፤ ሁለቱ አብረው ቢያጭዱ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?

ብዙዎች ተማሪዎች 10ንና 15ን ደምረው ለሁለት ይከፍሉና «በ12 ቀን ተኩል» ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ጊዜ አስተማሪው መቆጣት አይገባውም፤ «ብርቱው ብቻውን በ10 ቀን የሚጨርሰውን፣ ረዳት ባገኘ ጊዜ ስለ ምን ዘገየ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ልጁ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል።

የስሕተቱ ምክንያት ቀን ከቀን ጋር መደመሩ ነው። በሁለቱ ሰዎች ቀን የሚሠራው ሥራ እኩል አይደለምና ቀን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ለሁለቱም የሚስማማ መለኪያ መፈለግ ያስፈልጋል። ለ10ም ለ15ም ያለ ቀሪ የሚካፈለው ታናሹ ቁጥር፣ ማለት የጋራ ብዜታቸው፣ 30 ነው፤ ማሳው በ30 እኩል ክፍል እንደ ተከፈለ ይታሰብ። እንግዲህ ብርቱው በቀን 3 ክፍል፣ ባልንጀራው 2 ክፍል ያጭዳል፤ በአንድነት 5 ክፍል ነው፤ 30 ለ5 ሲካፈል 6 ቀን ይሆናል። 60 ወይም 90 ቢወሰድም መልሱ አይለወጥም፤ ድካሙ ብቻ ይበዛል። በሰሌዳ ከመጻፍ በፊት 30 የባቄላ ፍሬ በመሬት ላይ ደርድሮ በየቀኑ 5 ፍሬ ማንሣት ለታናናሾቹ እጅግ ይረዳል።

የሒሳቡ ጥቅም ዋጋ በሚከፈልበት ቀን ይታያል። ባለማሳው ለአጨዳው ሁሉ 3000 ብር ቢሰጥ ለአንዱ ክፍል 100 ብር ይደርሳል፤ ብርቱው 18 ክፍል ስላጨደ 1800 ብር፣ ባልንጀራው 12 ክፍል ስላጨደ 1200 ብር ይወስዳል። እኩል ቀን ውለዋልና እኩል ይካፈሉ የሚል ሽማግሌም አይጠፋም። ይህ ግን የውል ነገር ነው፤ ሒሳቡ የሚያሳየው ማን ስንት እንዳጨደ ብቻ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ለተማሩ አባቶች መንገዱ እንግዳ አይደለም። የሳምንቱ 7 ዕለትና በየ4 ዓመቱ የሚመለሰው የወንጌላውያን ተራ በ28 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። 28 ደግሞ ከአበቅቴው 19 ዓመት ጋር በ532 ዓመት ይገናኛል፤ ይህም ዐውደ ቀመር ነው። በነዚህ ቁጥሮች ማባዛት ብቻ ይበቃል፤ 4ንና 7ን፣ 28ንና 19ን ከ1 በቀር በአንድነት የሚያካፍላቸው ቁጥር የለምና። 10ና 15 ግን ሁለቱም ለ5 ስለሚካፈሉ እስከ 150 ሳይደርሱ በ30 ይገናኛሉ።