ተጨማሪ መረጃ፦ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ተከታታይ ድራማ

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ወራቱ የሰርግ ነውና፣ ወላጆች መሬትንና ከብትን አስበው፣ የዝምድናንም ማሰሪያ ለማጽናት ሽተው፣ ነፍስ ያላወቀችውን ሕፃን ይድሩ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አጥንቷ ሳይጠና የፀነሰች ልጅ በረጅም ምጥ ተሠቃይታ ለፊስቱላ ደዌ ትዳረጋለች፤ በባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ማእከል የሚያክማቸው እንዲህ ያሉትን ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመትን ሲፈቅድ፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም ጾታ 18 አድርጎታል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648ም ከ13 ዓመት በታች ያለችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል።

ይሁን እንጂ የሕግ ቃል ወደ ገጠር ጎጆ የሚደርሰው እያዘገመ ስለሆነ፣ ትረካ ይቀድመዋል ብዬ አምናለሁ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤድስና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ከማስተማሩም በላይ፣ የጠለፋን ነውርና የሴት ልጅን ትምህርት ክብር በባለታሪኮቹ ሕይወት ገልጦ አሳይቷል፤ አድማጮችም በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈውለታል። በሕንድ አገር ደግሞ በስምንት ዓመቷ የተዳረችውን የአናንዲን ታሪክ የሚተርከው «ባሊካ ቫዱ» ከ2000 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ2000 በሚበልጡ ክፍሎች በቴሌቪዥን ታይቷል፤ መቼቱም ይኸው ልማድ ሥር በሰደደበት በራጃስታን ነው።