የእንስት ውሻ የድራት ዑደትና የእብድ ውሻ በሽታን መከላከል፦ ለአሶሳ አካባቢ ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ቀበሌዎች ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ቤትና ከብት እንዲጠብቅ፣ ሰብልንም ከዝንጀሮ እንዲከላከል ነው። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ወይም ጨርሶ የማይታሰር ውሻ ጥቂት አይደለም። በዚህ አያያዝ የአንዲት እንስት ውሻ የመራቢያ ጊዜ የባለቤቷ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጠረኗን ተከትለው የሚሰበሰቡ ወንዶች እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ መንገደኛም ሊነክሱ ይችላሉ። ከ2 ወር በኋላ ደግሞ ክትባት ያላገኙ ቡችላዎች ይወለዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ገዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ የዑደቱን ሂደትና ባለቤቶች በቀላሉ የሚሳሳቱበትን ነጥብ ያብራራል።

የዑደቱ አራት ምዕራፎች

እንስት ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ የምትፈልገው በአብዛኛው ከ6 እስከ 24 ወር ባለው ዕድሜዋ ነው፤ ትንንሽ ዝርያዎች ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ ዑደቱ በአማካይ በየ7 ወሩ ይመላለሳል፤ ከውሻ ውሻ ግን ከ5 እስከ 11 ወር ሊለያይ ይችላል። አብዛኞቹ ውሾች የተወሰነ የመራቢያ ወቅት ስለሌላቸው በክረምትም ሆነ በበጋ ሊከሰት ይችላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ቅድመ ድራት ይባላል። በአማካይ 9 ቀናት ይቆያል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እየጨመረ ሲሄድ ብልቷ ያብጣል፤ ደም የቀላቀለ ፈሳሽም ይታያል። ወንዶች ይከተሏታል፤ እርሷ ግን ታባርራቸዋለች።

ሁለተኛው ድራት ነው፤ ይህም በአማካይ 9 ቀናት ቢሆንም ከ3 እስከ 21 ቀን ሊደርስ ይችላል። ፈሳሹ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ እብጠቱ ይለሰልሳል፤ እንስቲቱም ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ ወንዱን ትቀበላለች።

ሦስተኛው ድኅረ ድራት ሲሆን 2 ወር ያህል ይወስዳል። ብታረግዝም ባታረግዝም በዚህ ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚህም የተነሳ ያላረገዘች ውሻ ጡቷ ሊያብጥና ወተት ሊያግት ይችላል። አራተኛው ምዕራፍ የመራቢያ አካላት የሚያርፉበት ነው፤ ለወራት ይዘልቃል።

ደሙ የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው የውሻን ደም ከሴት ልጅ የወር አበባ ጋር ያመሳስለዋል። በሰው የወር አበባ የሚመጣው እርግዝና ሳይፈጠር ዑደቱ ሲያበቃ ነው። በውሻ ግን ደሙ የሚታየው የማርገዣው ጊዜ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ «ደሙ ቆሟል፤ አሁን ትለቀቅ» ያለ ባለቤት ውሻዋን የሚፈታት ለማርገዝ በምትመቸበት ቀን ነው።

የውሻ እንቁላልና የወንዴ ዘር ባሕርይም ይህን ጊዜ ያራዝመዋል። እንቁላሉ ከኦቫሪ ሲወጣ ገና ያልበሰለ ስለሆነ ለመብሰል ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈልጋል። የወንዴ ዘር በበኩሉ በእንስቲቱ ማህፀን ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ሊኖር ይችላል። በመሆኑም ቀደም ብሎም ሆነ ዘግይቶ የተደረገ ስሪያ እርግዝና ሊያስከትል ይችላል፤ በአንድ ወሊድ የተገኙ ቡችላዎችም የተለያዩ አባቶች ሊኖሯቸው ይችላል። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ይወስዳል።

ከክትባት ጋር ያለው ግንኙነት

በሽታውን ለመግታት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ለምሳሌ 100 ውሾች ባሉበት ቀበሌ 70ዎቹ ተከትበው ከወራት በኋላ 30 ቡችላዎች ቢወለዱ፣ አንድም ውሻ ባይሞት እንኳ፣ ሽፋኑ ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። ወሊድን መቆጣጠር ክትባትን አይተካም፤ የተገኘው ሽፋን በፍጥነት እንዳይሸረሸር ግን ይረዳል።

በተግባር

የመጀመሪያው የደም ቀን መመዝገብ አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንስቲቱ ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ ለበለጠ ጥንቃቄ 4 ሳምንት፣ ከወንዶች መለየት ይኖርባታል። የሚለቀቀውም እብጠቱ ሲጠፋና ወንዶች መከተላቸውን ሲተዉ ነው። በክልሉ የተለመደው የቀርከሃ አጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ወንድ ውሻ ከሥሩ ቆፍሮ ሊገባ ይችላልና ሌሊት በር በሚዘጋ ክፍል ማሳደር ይመረጣል። በሞቃቶቹ የበጋ ወራት ጥላና በቂ ውኃ ሊጓደልባት አይገባም። ደሟ የማይታይ ወይም ራሷን ልሳ የምታጸዳ ውሻ ስላለች የወንዶች መሰብሰብም እንደ ምልክት ይቆጠር።

ቡችላ የማይፈልግ ባለቤት ያለው ዘላቂ መፍትሔ በቀዶ ሕክምና ማምከን ነው። ፕሮጄስትሮን መሰል የእርግዝና መከላከያ መርፌ ግን ለማህፀን መግልና ለጡት ዕጢ ሊያጋልጥ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር መሰጠት የለበትም። ድራት ካለፈ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሻዋ ውኃ ካበዛች፣ ምግብ ከተወች፣ ካስመለሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካወጣች ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ አለባት።

ማጠቃለያ

የደሙ መቀነስ የጥንቃቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የቀዶ ሕክምና አገልግሎት በቅርብ በማይገኝበት ቀበሌ ቀን መቁጠርና በር መዝጋት ወጪ የማይጠይቁ መከላከያዎች ናቸው። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ለዓመታዊው ክትባት ወደ ቀበሌ በሚወጡበት ጊዜ ይህን አንድ ነጥብ ለእንስት ውሻ ባለቤቶች ቢያስረዱ፣ የማይፈለጉ ወሊዶችን ለመቀነስና የክትባቱን ሽፋን ለማቆየት ያግዛል።