ሥዕል መለማመድ ለድርሰት ምን ይጠቅማል?



ብዙዎቻችን ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕር ስናነሳ «አገሬ ናፈቀኝ»፣ «ስደት መራራ ነው» ከማለት አናልፍም። ነገሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ጅቡቲ የተወለደ ልጃችን ይህን ሲያነብ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነገር የለም። እሱ አገሩን የሚያውቃት እኛ በምንነግረው መጠን ነው። ስለዚህ ለይቶ ማየትን መልመድ ይኖርብናል፤ ይህን ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ ሥዕል ነው።

በአገራችን ሥዕልና ጽሕፈት የቆዩ ጎረቤታሞች ናቸው። በብራና መጻሕፍት ላይ ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ታሪኩም ብዙ ጊዜ በሥዕል ይታጀባል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያደገው በዚህ ሙያ አጠገብ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ት/ቤት አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ይኸው ሰዓሊ «አገሬ» የተሰኘውን ታዋቂ ግጥም የጻፈ ባለቅኔም ነው። በመጨረሻም እንደኛው ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ዐረፈ።

ሁላችንም ሰዓሊ እንሁን ማለቴ አይደለም። ለልምምዱ አንድ ቁራጭ ካርቶንና ከምድጃ የወጣ ከሰል ይበቃል።

አንደኛ፣ ያደጋችሁበትን ቤት ከውስጥ ሳሉት። ምሰሶው የት ነበር? ምድጃውስ? በሩ ወደየት ይከፈት ነበር? እጃችሁ መስመር ሲያሰምር የተረሳው ነገር ይጠይቃችኋል፤ መደቡ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ትዝ ይላችኋል።

ሁለተኛ፣ አሁን በዓይናችሁ ያለውን ሳሉ። በጅቡቲ ከተማ የምትኖሩ የወደቡን ክሬኖች ወይም የሐሙዲን መስጊድ ሚናሬት፣ በአሊ አዴ ያላችሁ ድንጋያማውን ኮረብታ ምረጡ። ጥላው ጠዋት የት እንደሚወድቅ፣ ቀትር ላይ ምን ያህል እንደሚያጥር ተመልከቱ። በዚህ ሙቀት ሰው ጥላ ተከትሎ ቦታ ሲቀይር ማየት ራሱ የታሪክ መነሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉን ፊታችሁ አድርጋችሁ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ቆንጆ»፣ «ደግ»፣ «አሳዛኝ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ለምሳሌ «እናቴ ደግ ነበረች» የሚል ሰው በሥዕሉ ላይ ረከቦቱን ካስቀመጠ በኋላ «እናቴ ቡና ስታፈላ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጥ ነበር፤ መንገደኛ ሳይጠራ እንዳያልፍ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ደግ የሚለው ቃል የለም፤ ደግነቷ ግን ይታያል።

ሥዕሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ ጥቅሙ ለማየት በቆያችሁበት ጊዜ ላይ ነው። ስትጨርሱ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። «ይህ ምንድን ነው? እዚህስ ማን ይተኛ ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን በቃል ነግራችሁ ብቻ አትተዉት፤ ጻፉት። ቀጣዩ ድርሰታችሁ እሱ ነው።